ሰር አንድሩ ባልፎርና ስማቸውን የያዘችው የጋምቤላ የሸምበቆ እንቁራሪት

አንድ እንስሳ በሳይንሳዊ ስሙ በተጠራ ቁጥር አብሮት የሚጠራ ሰው ይኖራል። ስሙ ሲለመድ ግን ሰውየው ይረሳል፤ ዘመን ሲያልፍም ስሙን በየመዝገቡ የሚጽፉት ባለሙያዎች እንኳ የማን እንደ ነበረ ሳይጠይቁ ያልፉታል። በጋምቤላ ቆላ፣ ባሮ ሞልቶ ሜዳውን በሚያለብስበት ወራት፣ በረዥሙ ሣር ላይ ተንጠልጥላ የምትገኘው ሃይፐሮሊየስ ባልፎሪ የተባለችው የሸምበቆ እንቁራሪት እንዲህ ያለ ስም ከተሸከሙት ፍጥረታት አንዷ ናት። ስሙ የተወሰደው ከሰር አንድሩ ባልፎር ነው። እኚህ ሰው የእንስሳት ሊቅ አልነበሩም፤ ሐኪም ነበሩ። የዝናቸውም ምንጭ እንቁራሪት የምትወደውን የተኛ ውኃ አጥብቀው መዋጋታቸው ነው። የአንድ ረግረግ ነዋሪ ፍጥረት ስም ከአንድ የረግረግ ጠላት ጋር እንዴት እንደ ተቆራኘ ለመረዳት የሰውየውን ሕይወት ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

አንድሩ ባልፎር መጋቢት 21 ቀን 1873 በስኮትላንድ ርእሰ ከተማ በኤዲንበራ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ሐኪም ስለ ነበሩ እሳቸውም በዚያው መንገድ ገብተው በኤዲንበራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩና በ1894 ተመረቁ። አካላቸው ግዙፍና ብርቱ ስለ ነበረ በራግቢ ጨዋታ ታውቀው በ1896 እና በ1897 ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፉ። ቀጥለውም በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በተሐዋስያን ምርምር ላይ ሠሩ፤ በ1898 ለሕክምና ዶክተርነት ያቀረቡት ጽሑፍም ከማቅለሚያ ፋብሪካዎች የሚወጣ ቆሻሻ ወንዞችን እንዴት እንደሚበክል የሚመረምር ሲሆን የወርቅ ሜዳይ አስገኝቶላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከተላቸው ጥያቄ፣ ማለትም የውኃ ጠባይና የሰው ጤና ግንኙነት፣ ገና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሐሳባቸው ውስጥ ነበረ።

ባልፎር በአንድ ሙያ ብቻ ተወስነው የሚኖሩ ሰው አልነበሩም። ሃያ አራት ዓመት ሲሆናቸው የመጀመሪያውን ታሪካዊ የጀብዱ ልብ ወለዳቸውን አሳተሙ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ሌሎች ጨመሩበት። በደቡብ አፍሪካ በቦዌሮችና በእንግሊዞች መካከል በተደረገው ጦርነት በ1900 እና በ1901 በሐኪምነት አገለገሉ። በዚያ ጦርነት ከጥይት ይልቅ የአንጀት ተስቦ ብዙ ወታደር ስለ ጨረሰ፣ በንጽሕና ጉድለት የሚመጣ በሽታ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ በዓይናቸው አዩ።

በዚያው ዘመን ትውልዳቸው አሜሪካዊ የነበረው የመድኃኒት ነጋዴ ሄንሪ ዌልካም ሱዳንን ጎብኝተው ነበርና፣ በካርቱም ለተቋቋመው ለጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የተሟላ የምርምር ላቦራቶሪ በስጦታ አቀረቡ። ኮሌጁ ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። የዌልካም የሐሩር ምርምር ላቦራቶሪ ለተባለው ለዚህ ድርጅት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው በ1902 የተመረጡት የሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ባልፎር ነበሩ። ከላቦራቶሪው ሥራ ጋር የካርቱምን ከተማ ጤና የመጠበቅ ኀላፊነትም ተሰጣቸው።

ጊዜው ለዚህ ሥራ አመቺ ነበር። ሮናልድ ሮስ የወባን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ ካገኙ ገና አምስት ዓመት ብቻ ሆኗል። ግኝቱን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ዕውቀቱን በአንድ ከተማ ላይ በሥራ የተረጐሙት ግን ጥቂቶች ነበሩ። ባልፎር በካርቱም ያሉትን ጕድጓዶች፣ የውኃ ማጠራቀሚያዎችና ገንዳዎች ሁሉ አስመዘገቡ። በየጊዜው እየዞሩ የሚመረምሩ ሠራተኞችን አሰማሩ፤ የትንኝ እጭ በተገኘበት ውኃ ላይ ዘይት አስረጩ፤ የተኛውን ውኃ አስደፈኑ። ትንኝ ከከተማው ውስጥ ቢጠፋም መልሶ እንደሚመጣ ባዩ ጊዜ መንገዱን ፈልገው አገኙት፤ ወደ ወደቡ የሚገቡት የእንፋሎት መርከቦችና ጀልባዎች በሆዳቸው በሚያጠራቅሙት ውኃ ውስጥ እጩን ይዘው ይመጡ ነበር። ስለዚህ መርከቦቹም እንደ ቤቶቹ እንዲመረመሩ አደረጉ። በዚህ ጥረት በካርቱም የወባ በሽታ እጅግ ቀነሰ፤ ከተማዪቱም በሐሩር አገር የጤና ጥበቃ ምሳሌ ሆና በየአገሩ ተጠቀሰች።

ይህ የመርከብ ጉዳይ ከጋምቤላ ጋር የሚያገናኝ ክር አለው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ግንቦት 15 ቀን 1902 በተዋዋሉት የድንበር ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ በወንዙ ላይ ከ2000 ሜትር የማይበልጥ ርዝመት ያለው መሬት ለሱዳን የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቅዶ ነበር። ጣቢያው በ1904 በጋምቤላ ተቋቋመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በነጭ ዓባይና በሶባት ተጕዘው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና፣ ቆዳና ሰም ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃነቷን ባገኘችበት በ1956 ነው። የምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ስለዚህ ለሃምሳ ዓመት ያህል ከአዲስ አበባ ይልቅ ለካርቱም ይቀርብ ነበር። በዚያ ዘመን የአካባቢው እንስሳትና ዕፀዋት ጥናት ከሱዳን ጥናት ጋር ተያይዞ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የባልፎር ላቦራቶሪ ሥራ በወባ ብቻ አልተወሰነም። የእንቅልፍ በሽታ፣ የከብት ደዌ፣ የመጠጥ ውኃ ምርመራ፣ የሰብል ተባይ፣ የሙጫና የእህል ኬሚስትሪ ሁሉ ወደዚያ ይቀርብ ነበር። በ1904፣ በ1906፣ በ1908 እና በ1911 የታተሙት የላቦራቶሪው ትልልቅ ዘገባዎች በሥዕል ያጌጡ ጥራዞች ሲሆኑ ዛሬም የታሪክ ምንጮች ናቸው። ወደ ደቡብ የሚደረገው ምርምር እንዲስፋፋም ዌልካም በጀልባ ላይ የተሠራ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ ሰጡ። የጀልባው ስም ኩሌክስ፣ ማለት የአንድ ትንኝ ወገን ስም፣ ነበረ። በዚህ ጀልባ በ1907 ወደ ደቡብ የወረዱት ቻርልስ ዌንዮን በኋላ ባለ አንድ ሕዋስ ተሐዋስያንን በሚመረምረው ዘርፍ ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ ሆኑ። ባልፎር ሁሉን ራሳቸው ለማድረግ የሚሞክሩ ሰው ሳይሆኑ፣ ለሌላው ባለሙያ ቦታና መሣሪያ እየሰጡ የሥራውን ፍሬ በዘገባቸው ውስጥ በስሙ የሚያወጡ ሰው ነበሩ።

ከእነዚህ ባለሙያዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ቨርነር ነበሩ። ቨርነር በ1867 በቪየና የተወለዱ፣ ስለ እባብ፣ እንሽላሊትና እንቁራሪት ብዙ የጻፉ የእንስሳት ሊቅ ናቸው። በ1905 ከቪየና የሳይንስ አካዳሚ ገንዘብ አግኝተው ወደ ሱዳንና ወደ ሰሜን ዩጋንዳ ተጓዙ፤ በነጭ ዓባይ ሽቅብ ወጥተውም ዛሬ ጁባ ካለችበት ስፍራ አጠገብ የነበረችውን ጎንዶኮሮን አዩ። በባልፎር ሦስተኛ ዘገባ ውስጥ ስለ ሱዳን መርዛም እባቦች የቀረበው ጽሑፍም የእሳቸው ነው። ቨርነር ከጎንዶኮሮ ያገኟትን አንዲት የሸምበቆ እንቁራሪት አዲስ ዝርያ መሆኗን ስላመኑ ራፒያ ባልፎሪ ብለው ሰየሟት፤ ስያሜው የወጣበት የአካዳሚው ጥራዝ የ1907 ቢሆንም ታትሞ የወጣው በ1908 ስለ ሆነ የስሙ ዘመን 1908 ተብሎ ይቈጠራል። የካርቱሙ ሐኪም ስም እንዲህ ሆኖ ከእንቁራሪት ጋር ተገናኘ።

የስያሜው ታሪክ በዚህ አላበቃም። የሸምበቆ እንቁራሪቶች ወገን ሃይፐሮሊየስ የሚለውን ስም ከጀርመኑ ሊቅ ከራፕ ያገኘው በ1842 ነበር። ጉንተር በ1865 በራፕ መታሰቢያነት ራፒያ የሚል ስም አወጡለት፤ የለንደኑ ቤተ መዘክር ሊቅ ቡሌንጄም በ1882 ባሳተሙት ታላቅ መዝገብ በዚሁ ስም ስለ ተጠቀሙ ለብዙ ዓመታት ጸና። በኋላ ግን ቀድሞ የወጣው ስም ይቀድማል በሚለው ሕግ ሃይፐሮሊየስ ተመለሰ፤ ራፒያ ባልፎሪም ሃይፐሮሊየስ ባልፎሪ ሆነች። ባልፎሪ የሚለው ቃል በላቲን የባልፎር ማለት፣ ባለቤትነትን የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ የወገኑ ስም ሲለወጥ መድረሻው አልተለወጠም። የቨርነር ስም ግን ከዚያ ወዲህ በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ ቅንፉ ዝርያዪቱ መጀመሪያ በተመደበችበት ወገን ውስጥ አለመሆኗን ለአንባቢ የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ብዙዎች ሳያስተውሉ የሚጥሉት ይህ ትንሽ ምልክት የአንድ ክፍለ ዘመን የምደባ ታሪክ ይዟል።

የሸምበቆ እንቁራሪቶችን መመደብ ከሌሎች ይልቅ የሚያስቸግርበት ምክንያት አለ። በብዙ የሃይፐሮሊየስ ዝርያዎች ግልገሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ያድጋሉ፤ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ሴቶቹና ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ሌላ መልክ ይለብሳሉ፤ የቀሩት ወንዶች ግን በግልገልነት መልካቸው እንዳሉ ይራባሉ። ስለዚህ በአንድ ኩሬ ዳር፣ በአንድ ሌሊት፣ ሁለት ዝርያ የሚመስል አንድ ዝርያ ሊገኝ ይችላል። በአልኮል ውስጥ የከረመው ናሙና ደግሞ ቀለሙን ያጣል። ከሩቅ አገር በጠርሙስ የተላከላቸውን ብቻ ያዩ ሊቃውንት ለመልኩ ሁሉ ስም እያወጡ የዝርያውን ቍጥር ቢያበዙ አያስደንቅም። በ1931 ኧርንስት አል በበርሊን ያዘጋጁት መዝገብ በእንዲህ ዓይነት ስሞች የተሞላ ነበር፤ ከስሞቹ ብዙዎቹ በኋላ ተሰርዘዋል። መፍትሔው የመጣው ሰዎች ከቤተ መዘክር ወጥተው በሌሊት ረግረግ ውስጥ ቆመው ድምፅ ማዳመጥ ሲጀምሩ ነው። ወንዱ እንቁራሪት ጕሮሮውን እንደ ፊኛ ነፍቶ የሚያሰማው ጩኸት ለየዝርያው የተለየ ነውና፣ ዴንማርካዊው አርነ ሺኦትዝ ድምፁን በመቅረጫ እየያዙ ከ1967 ጀምሮ ባሳተሟቸው መጻሕፍት የምደባውን ሥራ አዲስ መሠረት ላይ አቆሙት።

በዚህ ማበጠሪያ ውስጥ ሃይፐሮሊየስ ባልፎሪ ራሷን ችላ ቀርታለች። እንዲያውም ሞናር በ1951 ከካሜሩን የገለጹት ሌላ መልክ በእሷ ሥር ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመድቧል። በዚህ መሠረት ስርጭቷ ከካሜሩን ተነሥቶ በማዕከላዊ አፍሪካ ሬፑብሊክ፣ በሰሜን ኮንጎ፣ በዩጋንዳና በደቡብ ሱዳን አልፎ እስከ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ይደርሳል። ደን ውስጥ የምትኖር አይደለችም፤ ረዥም ሣር ያለበትን፣ በዝናብ ወራት ውኃ የሚተኛበትን ሜዳ ትመርጣለች። ጋምቤላ የዚህ ረዥም መቀነት የምሥራቅ ጫፍ ነው። ከጎንዶኮሮ በቀጥታ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም የባሮ፣ የአልዌሮ፣ የጊሎና የአኮቦ ወንዞች የሚያጠጡት ሜዳ ከነጭ ዓባይ ሜዳ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ለእንቁራሪት የሚያግድ ድንበር የለበትም። የሚያግደው ከምሥራቅ በኩል ቀጥ ብሎ የሚነሣው ደጋ ነው።

ይህ ደጋ ራሱ ሌላ ዓለም ነው። ከኢትዮጵያ እንቁራሪቶች አርባ በመቶ ያህሉ በሌላ አገር የማይገኙ ሲሆኑ ከእነርሱ አብዛኞቹ የደጋውና የደቡብ ምዕራቡ ደን ነዋሪዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ማልኮልም ላርገን በ1974 የገለጿት፣ በእንሰት ቅጠል መካከል የምትኖረው አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ ከእነዚህ አንዷ ናት። ላርገን በ2001 ያሳተሙት የኢትዮጵያ እንቁራሪቶች መዝገብና በ2010 ከስቲቨን ስፖልስ ጋር ያወጡት መጽሐፍ የቆላውንም ዝርያዎች በየቦታቸው አስቀምጠዋል። ሆኖም ብርቅዬ የሚባለው የደጋ ፍጥረት የተመራማሪውን ልብ ስለሚስብ፣ ከሌሎች አገሮች ጋር የምንጋራው የቆላ ፍጥረት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። በድንበር ጫፍ የሚገኝ ዝርያ ግን የአንድ ሥነ ምኅዳር ስፋት የሚለካበት ምልክት ነው፤ ረግረጉ ሲጠብብ መጀመሪያ የሚጠፋው ከጫፉ ነውና።

ወደ ባልፎር ታሪክ ስንመለስ፣ በ1913 ካርቱምን ለቀው ለንደን ገቡና ዌልካም ያቋቋሙትን አዲስ የምርምር ቢሮ መምራት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ወደ ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ባደረጉት ጉዞ በትሪኒዳድ አንድ ነገር ሰሙ። የአገሩ ሽማግሌዎች ቢጫ ወባ ከመነሣቱ በፊት በጫካው ውስጥ ጯሂዎቹ ዝንጀሮዎች ሞተው እንደሚገኙ ይናገሩ ነበር። ባልፎር ይህን እንደ ተረት አልናቁትም፤ በ1914 በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ የዱር ዝንጀሮ የቢጫ ወባ ተሐዋሲ ማከማቻ ሊሆን ይችላል የሚል ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡ ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሰሚ ሳያገኝ ቆይቶ፣ በ1930ዎቹ በብራዚል የጫካ ቢጫ ወባ ሲታወቅ የሽማግሌዎቹ ቃል እውነት ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያ የዚህን ዕውቀት ዋጋ በመራራ መንገድ አይታዋለች፤ ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ ሸለቆ አካባቢ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰዎችን አጥቅቶ 30,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ባልፎር በሜዲትራኒያን፣ በግብፅ፣ በመስጴጦምያና በምሥራቅ አፍሪካ የሠራዊቱን ጤና ሲጠብቁ ቆዩ። በ1923 አዲስ ለሚቋቋመው የለንደን የንጽሕና ጥበቃና የሐሩር ሕክምና ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው ተሾሙ። ከሮክፌለር ድርጅት በተገኘ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ሕንፃ በ1929 ሲመረቅ የብዙ ዓመት ድካማቸው ፍሬ አፈራ። በ1930 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ይሁን እንጂ ሥራው ጤናቸውን አናግቶት ነበር። እንቅልፍ አጡ፤ በመንፈስ ጭንቀት ታመሙ። በኬንት አውራጃ በሕክምና ላይ ሳሉ ጥር 30 ቀን 1931 በአምሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ለሌሎች ጤና ሃያ ዘጠኝ ዓመት የደከሙት ሰው የራሳቸውን ለመጠበቅ ጊዜ አልነበራቸውም።

የባልፎር ሥራ ሲመዘን ሁለት ገጽ አለው። ላቦራቶሪያቸው የቅኝ ግዛት አስተዳደር አገልጋይ ነበር፤ የሚጠብቀውም በቅድሚያ የባለሥልጣኑን፣ የወታደሩንና የንግዱን ጤና ነበር። የጋምቤላ ጣቢያም የዚያው ሥርዓት ጫፍ ነበረ። ሆኖም በካርቱም የተመዘገበው የውኃ ጕድጓድ፣ የተመረመረው መርከብና የታተመው ዘገባ ለሁሉም የሚሆን ዕውቀት ትቶ አልፏል። በረግረግ ጕዳይም ባልፎር የተዋጉት በሰው ቤት አጠገብ የተኛውን ውኃ ነው፤ ዛሬ ሊፈታ የሚገባው ጥያቄ ደግሞ የከተማውን ኩሬ ከወባ እያጸዱ የወንዙን ሜዳ ለእንቁራሪቱ፣ ለዓሣውና ለነጭ ጆሮ ቆርኬው እንዴት ማቆየት እንደሚቻል ነው። ሁለቱ አንድ ውኃ አይደሉም። ይህን መለየት የሚችል ደግሞ ቦታውን በዝርዝር የሚያውቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስሟ ለሐኪሙ መታሰቢያ የሆነችው እንቁራሪት ለሥነ ሕይወት ባለሙያዎች የምታስተላልፈው ሥራ አለ። በቤተ መዘክር የሚቀመጥ ናሙና ወንዙ፣ ቀኑ፣ የሣሩ ዓይነት፣ ድምፁና በሕይወቱ የነበረው ቀለም ካልተጻፈበት፣ የትናንቱ የስም ብዛት ነገም ይመለሳል። ባሮን ከማንም በፊት የሚያውቁት አኝዋኮችና ኑዌሮች፣ ማጃንጎችም ጭምር፣ ለረግረጉ ፍጥረታት የሰጧቸው ስሞችና ያስተዋሉት ጠባይ ከላቲኑ ስም ጐን ቢመዘገብ፣ ባልፎር በትሪኒዳድ ሽማግሌዎች ቃል እንዳደረጉት ያለ ሥራ ይሆናል። በክረምት ሌሊት በጋምቤላ ሜዳ የሚሰማው ጩኸት የባልፎርን ስም ያነሣል፤ ጩኸቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ ግን የዛሬዎቹ ባለሙያዎች ፈንታ ነው።